እናቴ ያነበበችው ካርታ

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። እናታችሁ ወይም አባታችሁ የተወለዱበትን መንደር ካርታ ላይ በጣታችሁ መንካት ትችላላችሁ? ወረዳውን ወይም ቅርብ ያለውን ከተማ ማለቴ አይደለም። ቤቱ የነበረበትን ጉብታ፣ ውሃ የሚቀዳበትን ምንጭ፣ ዘመድ የተቀበረበትን ቤተ ክርስቲያን ማለቴ ነው። እኔ እስካለፈው ነሐሴ ድረስ አልችልም ነበር። ስልኬ ላይ ያለው ካርታ ሰፈራችን ውስጥ የትኛው ካፌ እስከ ስንት ሰዓት ክፍት እንደሆነ ይነግረኛል። የእናቴን አገር ስፈልግበት ግን ያሳየኝ አንድ ቀጭን መንገድና ሰፊ ባዶ መሬት ብቻ ነው።

ዛሬ የማጫውታችሁ አንድ አሮጌ ካርታ እኛ ቤት ስለሠራው ሥራ ነው። ወደ መንዝና ወደ ጓሳ ስላደረግነው ጉዞም እነግራችኋለሁ። ጉዞውን ለብቻው ብነግራችሁ ግን ግማሹን እንደደበቅኳችሁ እቆጥረዋለሁ።

ጡረታ የወጡ ቀያሽ ጎረቤት አሉን። ልጆቼ «ጋሼ» ነው የሚሏቸው። አምና ነሐሴ ላይ ቤታቸውን ቀለም ሊያስቀቡ ዕቃ ሲያወጡ አግኝቼ ሳግዛቸው፣ ከቁም ሳጥን ጀርባ አቧራ የጠጣ ጥቅል ወረቀት ወጣ። ገለጥ አድርገው አዩና «እናትሽ የመንዝ ሰው ናቸው አይደል? እንኪ፣ ከእኔ ይልቅ ለእናንተ ይጠቅማል» ብለው ሰጡኝ።

ማታ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋነው። ጎን ለጎን በፕላስተር የተያያዙ ሁለት ቅጠሎች ናቸው። እጥፋታቸው ላይ ተልጠዋል፤ አንደኛው ጥግ ላይ የሻይ ብርጭቆ ክብ አርፎበታል። የታተመው በካርታ ሥራዎች ድርጅት ነው። መሥሪያ ቤቱ ከዚያ ወዲህ ስሙን ቀይሯል። ካርታው ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል።

ካርታው ምን ይላል?

እንዲህ ዓይነቱን ካርታ አይታችሁ የማታውቁ ከሆነ በአጭሩ ላስረዳችሁ። ልኬቱ 1 ለ50,000 ነው። ወረቀቱ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር፣ መሬት ላይ 500 ሜትር ማለት ነው። 2 ሴንቲ ሜትር 1 ኪሎ ሜትር ይሆናል። አንዱ ቅጠል በእያንዳንዱ ጎኑ 27 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ የሚሆን መሬት ይይዛል። ሰማያዊው ውሃ ነው። አረንጓዴው ዛፍና ቁጥቋጦ ነው። ጥቁሮቹ ትንንሽ ነጥቦች ቤቶች ናቸው፤ ትንሿ መስቀል ቤተ ክርስቲያን ናት። የተቆራረጠው መስመር የእግር መንገድ ነው። ወረቀቱን እንደ ጣት አሻራ የሸፈኑት ቡናማ መስመሮች ደግሞ «ኮንቱር» ይባላሉ፤ ከባሕር ወለል በላይ እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች ያያይዛሉ። በእኛ ካርታ ላይ ከአንዱ መስመር እስከ ቀጣዩ ያለው ልዩነት 20 ሜትር ነው።

እንዴት እንደተሠራ ጋሼ ሲያስረዱን ልጆቼ አፋቸውን ከፍተው ነበር የሰሙት። መጀመሪያ አውሮፕላን ከላይ ፎቶ ያነሣል። ከእ.ኤ.አ. 1963 ጀምሮ ኢትዮጵያና አሜሪካ በጋራ ባካሄዱት የካርታ ሥራ አገሪቱ በሰፊው ከአየር ፎቶ ተነሥታለች፤ በኋላም ሌሎች የአየር ፎቶዎች ተከትለዋል። ፎቶዎቹ እርስ በርስ እንዲደራረቡ ተደርገው ነው የሚነሡት። አንዱን መሬት ከሁለት አቅጣጫ ያነሡ ፎቶዎች በልዩ መሣሪያ አንድ ላይ ሲታዩ፣ ተራራው ከወረቀቱ ብድግ ብሎ ይታያል። ኮንቱሩም በዚያ ላይ ይሳላል። «አውሮፕላን ግን ስም አያነሣም» አሉ ጋሼ። «ስሙን ለማግኘት በእግር ሄዶ ሰው መጠየቅ ነው። ወንዙን ማን ትሉታላችሁ? ያንን ጉብታስ? እያልክ ትጽፋለህ።»

የ9 ዓመቱ ልጄ ኮንቱሩ አልገባህ ሲለው ጋሼ ከወጥ ቤት አንድ ትልቅ ድንች አስመጡ። ለሁለት ቆርጠው አንዱን ግማሽ በጠፍጣፋው በኩል አስቀመጡት፤ ያ ተራራ ሆነ። ከዚያ በእኩል ውፍረት አግድም እየከተፉ እያንዳንዱን ቁራጭ ወረቀት ላይ አስቀምጠው ዙሪያውን በእርሳስ አሰመሩ። ድንቹ ቀጥ ብሎ በሚወርድበት በኩል መስመሮቹ ተጣበቁ፤ በተንጣለለበት በኩል ተራራቁ። «መስመሮቹ ከተጣበቁ ገደል ነው፤ ከተራራቁ ሜዳ ነው። በቃ፣ ይኸው ነው» አሉ። ቅዳሜ ከሰዓት ከልጆቻችሁ ጋር ሞክሩት፤ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ይህን ትምህርት ከልጄ እኩል ቁጭ ብዬ ተምሬ፣ በኋላ ደግሞ እንዴት እንደረሳሁት ትሰማላችሁ።

«ኬያ ማናት?»

ስሞቹ የተጻፉት በላቲን ፊደል ነው። እናቴ 68 ዓመቷ ነው፤ አማርኛ ታነባለች፣ ላቲኑን ግን አታነብም። ስለዚህ ልጄ እያነበበ፣ እሷ ሶፋው ላይ ጥጥ እየፈተለች ትሰማለች።

«ሜሃል ሜዳ» አለ ልጄ።

«መሐል ሜዳ» አለች።

«ገራ ሚዲር።»

«ጌራ ምድር በል! ገራ አይባልም።»

«ኬያ።»

እንዝርቱ ቆመ። «ኬያ ማናት? ቀያ ነው፣ ቀያ!»

ስንቀልድ አመሸን። ቀልዱ ውስጥ ግን ቁም ነገር አለ። የላቲኑ ፊደል በእኛ ካርታ ላይ «ቀ»ን ከ«ከ»፣ «ጠ»ን ከ«ተ» አይለይም። የመጀመሪያው ፊደልም «ከ» ይሁን «ኬ» አይታወቅም። አገሩን የማያውቅ ሰው ካርታውን ማየት ይችላል፤ ሊያነበው ግን አይችልም። እናቴ ደግሞ አንድ ፊደል ሳታይ በጆሮዋ አነበበችው። ለሁለት ሳምንት ያህል የማታ ጨዋታችን ይኸው ሆነ። መንዝ ላሎ ምድር፣ ማማ ምድርና ጌራ ምድር ተብሎ በሦስት እንደሚከፈል ልጆቼ ያወቁት ያኔ ነው። ስሙ በ«አምባ» የሚያልቅ ቦታ አናቱ ሜዳ የሆነ ተራራ፣ በ«በር» የሚያልቅ ደግሞ ከገደሉ መሐል መተላለፊያ የሚገኝበት እንደሆነም ነገረቻቸው። ስም የሌላት አንዲት ቀጭን ሰማያዊ መስመር ላይ ሲደርሱ «እሷ ስም አላት እንዴ?» ብሎ ጠየቃት። «እኛማ ‹የኛ ውሃ› ነበር የምንላት» አለች። ልጄ በእርሳስ ጻፈላት፤ ካርታው ላይ በአማርኛ የተጻፈ የመጀመሪያው የቦታ ስም ያ ነው።

ከዚያ አንድ ማታ እንዝርቷን አስቀምጣ ወደ ጠረጴዛው መጣች። መነጽሯን አደረገች። ከ«የኛ ውሃ» ወደ ቀኝ፣ ቡናማው መስመር ጥቅጥቅ ወደሚልበት በጣቷ ሄደችና ትንሿ መስቀል ላይ አረፈች።

«ሚካኤል ነው። ወንድሜ እዚህ ነው ያለው» አለች።

ማንም አልተነፈሰም። ይህን ለእናንተ መናገር ይከብደኛል፤ ነገር ግን ብዙዎቻችሁ ቤት ያለ ነገር ነው። አጎቴ ያረፈው በ2007 ዓ.ም. ነው። በዚያ ሳምንት እናቴ ቀዶ ሕክምና አድርጋ ተኝታ ነበር። መርዶው የደረሰው እኔ ጋ ነው። ሐኪም ሳላማክር፣ ወንድሞቼን ብቻ አስማምቼ፣ እንዳይነገራት ወሰንኩ። ቁስሏ እስኪደርቅ ብዬ ጀመርኩት፤ ከዚያ ትንሽ እስክትጠነክር፣ ከዚያ ጾሙ እስኪፈታ እያልኩ ሁለት ወር አለፈ። ስናረዳት ቀብሩም አርባውም አልፎ ነበር። ቤት ውስጥ አለቀሰች፤ ዕድርተኛው መጣ፣ ጎረቤት መጣ። «ለምን ደበቃችሁኝ?» ብላ አንድ ቀን አልጠየቀችኝም። ብትጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር። ብቻ ከዚያ ወዲህ «መንዝ እንሂድ» ስንላት «ምን ልሠራ? ማን አለኝ?» ትላለች።

ያን ማታ ጣቷን ከመስቀሉ ሳታነሣ «ከዋናው መንገድ ሩቅ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ማስመሪያ አምጥቼ ለካሁ። ሦስት ሴንቲ ሜትር። «አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ነው እማዬ፣ የሃያ ደቂቃ መንገድ» አልኳት።

«እንግዲያው ከጥምቀት በኋላ እንሂድ» አለች።

ወደ ላይ

ጥር 2011 ዓ.ም.፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ በኪራይ መኪና ተነሣን። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለቱ ልጆች፣ እናቴና ሹፌራችን ነን። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ከፍታው 2,840 ሜትር ስለሆነ ብርዱ ከመኪና ስትወርዱ ይቀበላችኋል። ምሳችሁን እዚያ ብሉ፤ በተለይ ልጆች ከያዛችሁ ትንሽ ዕረፉ። ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ ከዚህም ከፍ ያለ ነው። ጣርማ በር ስትደርሱ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የፈለፈሉት ዋሻ አለ። ዋናው መንገድ በዚያ ሾልኮ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ይወርዳል። የመንዙ መንገድ ግን ጣርማ በር ላይ ከዋናው ተለይቶ ወደ ሰሜን ይሄዳል። «በር ማለት ይኸው ነው» አለች እናቴ ለልጆቹ፣ በመስኮት ቁልቁል እያሳየች።

በድንጋይ ካብ የታጠሩ የገብስ ማሳዎች፣ የድንጋይ ቤቶች፣ ጋቢ የደረበ እረኛ፣ ፀጉሩ እስከ ጉልበቱ የወረደ በግ እያያችሁ ትጓዛላችሁ። ከዚያ ድንገት እርሻው ያልቃል። ዛፍ የለም፣ ቤት የለም፤ ዓይን እስከሚያይ ድረስ እየተነባበረ የሚሄድ ሣር ነው። ጓሳ ደረሳችሁ ማለት ነው። ከአዲስ አበባ 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ጓሳ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ያለው፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍን የደጋ ሣር ምድር ነው። ስሙን ያገኘው ከሣሩ ነው። ዝናቡ ሲዘንብ ውሃው ለሁለት ይከፈላል፤ በምዕራብ የወረደው ወደ ዓባይ፣ በምሥራቅ የወረደው ወደ አዋሽ ይሄዳል። ልጄ ካርታውን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ሰማያዊዎቹን መስመሮች እየተከተለ «ይሄኛው ግብፅ ይደርሳል፣ ያኛው አፋር ገብቶ ይቀራል» እያለ ለእህቱ ይነግራታል።

የመጀመሪያውን ምሽት ያሳለፍነው የአካባቢው ማኅበረሰብ ራሱ በሚያስተዳድረው ሎጅ ነው። ቤቱ ቀላል ነው፤ እሳት ይነድዳል፣ ምግብ ይዛችሁ መሄድ አለባችሁ። ጠዋት ሣሩ ላይ አመዳይ ጠብቆ አገኘነው። ከደቂቃዎች በኋላ ጭላዳዎቹ ከገደሉ ላይ እየወጡ መጡ። ሌሊት ገደል ያድራሉ፣ ቀን ሜዳው ላይ ቁጭ ብለው ሣር ይነጫሉ። ወንዶቹ ደረታቸው ላይ ቀይ ምልክት አላቸው። ከኢትዮጵያ በስተቀር በዱር የሚኖሩበት አገር የለም። አስጎብኚያችን በእጁ ምልክት ሰጥቶ ዝም አሰኘንና በመሐላቸው የምትሄድ ቀይ ቀበሮ አሳየን። በዓለም ላይ የቀሩት ከ500 እንደማይበልጡ ነገረን። ጭላዳዎቹ አልሸሿትም፤ እሷም ልጆቻቸውን አልነካችም። የምትፈልገው ሣሩ ውስጥ ያሉትን አይጦች ነው። የ6 ዓመቷ ልጄ እጄን ጨብጣ ትንፋሿን ይዛ ነበር።

ካርታው ላይ ባዶ የሆነው

አሁን አንድ ነገር አስተውሉልኝ። በካርታው ላይ ጓሳን ስታዩት ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ቡናማ መስመርና ጥቂት ሰማያዊ ክሮች እንጂ ሌላ ነገር የለውም። ምንም የሌለበት ቦታ ይመስላል። ያ ባዶነት ግን ሰዎች ለዘመናት ተስማምተው የጠበቁት ነው።

ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የመንዝ ሰው ጓሳን «ቄሮ» በሚባል ሥርዓት ሲያስተዳድር ኖሯል። (በዜና ከምታውቁት ቄሮ ጋር አይገናኝም።) መብት ያላቸው የአስቦና የጌራ ዘሮች ናቸው። ሣሩ እንዲያገግም መሬቱ ለዓመታት ይዘጋል፤ በዚያ ጊዜ ማጨድም ማሰማራትም ክልክል ነው። ጠባቂ ይመደባል፣ የጣሰ ይቀጣል። ጊዜው ሲደርስ ይከፈትና ሁሉም ድርሻውን ያጭዳል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሲመጣ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ ለተወሰነ ጊዜ ጓሳ ባለቤት አጣ። በኋላ ነዋሪው ራሱ የጋራ ኮሚቴና ደንብ አቁሞ መልሶ ያዘው። ዛሬ ያየነው ሣር፣ ጭላዳና ቀበሮ የቆዩት በዚህ ምክንያት ነው።

እናቴ ይህን ከመጽሐፍ አላነበበችውም። ለትዳር ወደ አዲስ አበባ የመጣችው በ17 ዓመቷ ነው፤ ያኔ ቄሮው ገና አልፈረሰም። «ሲከፈት እንደ ሠርግ ነበር» አለችን፣ ጋቢዋን ተከናንባ ሎጁ በር ላይ እንደተቀመጠች። «አባቴ ማጭዱን ሲስል ያድራል። ወንድሜና እኔ አህያ እየነዳን እንከተላለን። ጓሳው ለቤት ክዳን ነው፣ ለገመድ ነው፣ ለመኝታ ነው። ወንድሜ ገመድ ሲገምድ ማንም አይደርስበትም ነበር።»

ስለ አጎቴ በአራት ዓመት ውስጥ ስትናገር ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ሦስት ሴንቲ ሜትር

በማግስቱ ወደ ሚካኤል ሄድን። ካርታው ላይ የተቆራረጠው መስመር ከመኪና መንገዱ የሚነሣበትን ቦታ ፈልገን አገኘን። ወረድን። እናቴ አዲስ ነጠላዋን ለብሳለች፣ ጧፍና ዕጣን ይዛለች። እኔ ካርታውን ይዤ ከፊት ሆንኩ። መቶ እርምጃ ያህል ሄደን ቆምን።

መንገዱ የለም። ያለው ገደል ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ከታች፣ ከዛፎቹ መሐል ይታያል፤ ቅርብ ነው፣ ቅዳሴ ቢኖር ይሰማ ነበር። መካከላችን ያለው ግን ፍየል የሚወርድበት ቁልቁለት ነው።

«እማዬ» አለ ልጄ ካርታውን ከእጄ ወስዶ፣ «መስመሮቹ እኮ ተጣብቀዋል።» ቆጠራቸው። አሥራ አምስት ናቸው። አሥራ አምስት ጊዜ 20፣ 300 ሜትር። እኔ ማስመሪያ ይዤ ርቀቱን ስለካ፣ ቁልቁለቱን አላየሁም። በድንች ያስተማሩኝን ትምህርት እናቴ ጉልበት ላይ ረሳሁት። «የሃያ ደቂቃ መንገድ» ብያት ነው ከአዲስ አበባ ያመጣኋት።

ፊቴን አይታ ይሁን ሌላ አላውቅም፣ እናቴ ሳቀች። «ይሄ እኮ እረኛ የሚሮጥበት ነው። አሁን አህያም አይወርድበት» አለች። ከዚያ ወደ ሰሜን ዞር ብላ አየች። «በሩ ወዲያ ነው። መኪናውን አዙሩ።»

ልጄ ካርታው ላይ ፈለገ። ትንሽ ወደ ሰሜን፣ ስሙ በ«በር» የሚያልቅ ቦታ አለ። እዚያ ላይ ቡናማዎቹ መስመሮች ከፈት ይላሉ፤ ገደሉ ዘንበል ብሎ የሚያሳልፍበት ቦታ ነው። ቀድሞውኑ እዚያው ተጽፎልኝ ነበር። ስሙንም እያነበብኩ አልፌዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ካርታውን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ከፊት የሄደችው እናቴ ናት። አንድ ሰዓት ያህል በቀስታ ወረድን። እየቆመች ታርፋለች፣ እያረፈች ታሳየናለች። የማን ማሳ እንደነበር፣ ጅብ ያባረራቸው የት እንደሆነ ትነግረናለች። «የኛ ውሃ» ጋ ስንደርስ ጎንበስ ብላ ፊቷን ታጠበች። ውሃዋ ቀጭን ናት፤ ግን አለች።

የአጎቴ ባለቤት ቤት በር ላይ ስንደርስ እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ጮክ ብላ አለቀሰች። ለቅሶው ትናንት የሞተ ሰው ያህል ነበር። ጎረቤቱ ወጣ፣ አብሮ አለቀሰ። ልጆቼ እንዲህ ያለ ነገር አይተው አያውቁም፤ ፈርተው ቀሚሴን ያዙ። ከዚያ ወደ መቃብሩ ሄድን፤ ጧፉ በራ። ተመልሰን ቤት ገባን። እንጀራ በሽሮ ቀረበ፣ ጠላ ተቀዳ። ለቅሶው በጨዋታ ተተካ።

የምፈራው ጥያቄ ያኔ መጣ። እትዬ የእናቴን እጅ ይዘው «ወንድምሽ ሲቀበር ዓይናችን መንገዱ ላይ ነበር፤ ምነው ቀረሽ?» አሏት።

እኔ አንገቴን ደፋሁ። እናቴ ወደ እኔ አላየችም።

«ታምሜ ነበር» አለች። «እግሬ አልወሰደኝም።»

ሌላ ምንም አላለችም። ደበቁኝ አላለችም። እትዬም «እግዜር ይማርሽ» አሉና ጠላውን ጨመሩላት።

እናንተስ?

አሮጌ ካርታ ተአምር አይሠራም። እኔን ገደል አፋፍ ላይ አቁሞኝ ነበር። ነገር ግን የትኛውንም ቤት ለወራት የሚያነጋግር ጥያቄ ይከፍታል። እናንተም መሞከር ከፈለጋችሁ የሚከተለው ይጠቅማችኋል።

*ካርታውን ለማግኘት።* የአገሪቱን ካርታ የሚሠራው መሥሪያ ቤት አዲስ አበባ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ጎዳና ላይ ነው። ስትሄዱ የምትፈልጉትን ቦታ ኬክሮስና ኬንትሮስ ያዙ፤ ስልካችሁ ይነግራችኋል። የ1 ለ50,000 ቅጠሎች ቁጥር የሚጀምረው በእነዚህ ነው፦ ጓሳ 10 ዲግሪ ሰሜንና 39 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ስለሆነ ቁጥሩ በ1039 ይጀምራል። እያንዳንዱ የአንድ ዲግሪ ካሬ 16 ቅጠሎች አሉት። በቅድሚያ ግን ጡረታ የወጡ ቀያሾች፣ መሐንዲሶችና የጂኦግራፊ መምህራን ዘመዶቻችሁን ጠይቁ።

*ስልክና አሮጌ ካርታ ስታስተያዩ።* ሁለቱ የሚነሡበት የልኬት መሠረት የተለያየ ነው። የስልካችሁን ቁጥር ሳታስተካክሉ አሮጌው ካርታ ላይ ብታስቀምጡት ከ100 ሜትር በላይ ሊያሳስታችሁ ይችላል። ደጋ ላይ 100 ሜትር ማለት የገደሉ ወዲህና ወዲያ ነው።

*ርቀት ከለካችሁ መስመሩንም ቁጠሩ።* ይህን ከእኔ ተማሩ። አዛውንት ወይም ሕፃን ይዛችሁ ከሆነ ደግሞ ከመሄዳችሁ በፊት የአገሩን ሰው መንገዱን ጠይቁ።

*ጓሳ ለመሄድ።* ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ሌሊቱ ግን በረዶ ነው። ለልጆች ወፍራም ካልሲ፣ ኮፍያና ተጨማሪ ብርድ ልብስ ያዙ። ለጭላዳዎቹ ምግብ አትስጡ። የመግቢያና የማደሪያ ክፍያውን በደስታ ክፈሉ፤ ሣሩን ለሚጠብቁት ሰዎች ነው የሚውለው። ከመነሣታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታና የአካባቢውን ሰላም አረጋግጡ።

*ከሁሉም በፊት ግን* ካርታውን ጠረጴዛ ላይ ዘርጉና እናታችሁን ወይም አባታችሁን ጥሩ። ልጃችሁ ያንብብ፣ እነሱ ያርሙ። እርሳስ አዘጋጁ።

የእኛው ካርታ አሁን ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። በእርሳስ የተጻፉት ስሞች ሃያ ሦስት ደርሰዋል። ባለፈው እሑድ እናቴ ልጄን ጠርታ ሚካኤል አጠገብ አንድ ተጨማሪ ነገር አስጻፈችው። የቦታ ስም መስሎኝ ጠጋ ብዬ አየሁ። የአጎቴ ስም ነው።